ተመልካች የሌለበት ጉባኤ

ሰው ብቻውን ይኖር ዘንድ ያልተፈጠረ ስለ ሆነ፣ መሰብሰብ ከጥንት ጀምሮ ልማዱ ነው። ለቅሶ ሲሆን ይሰበሰባል፤ ሰርግ ሲሆን ይሰበሰባል፤ አዝመራው ሲደርስ በደቦ ይሰበሰባል፤ የወሩ ተራ ሲደርስ በጽዋ ማኅበር ይሰበሰባል። ነገር ግን መሰብሰብ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ተጠርቶ ይመጣል፤ አንዱ ታዝዞ ይመጣል፤ አንዱ አበል አለ ሲባል ይመጣል፤ አንዱ ደግሞ ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ነገሩን ስለ ወደደ ብቻ ይመጣል። በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ነው፤ ይኸውም የቴክኒክ ወዳዶች ራሳቸው የሚጠሩት፣ ራሳቸው የሚናገሩበት፣ ሲያበቃም ወለሉን ራሳቸው የሚጠርጉት ስብሰባ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሒስ ማለት ስድብ አይደለም፤ ሙገሳም አይደለም። አንጥረኛ ወርቁን ከእሳት የሚያገባው ጠልቶት አይደለም፤ የጠራውን ከዝቃጩ ለመለየት ነው እንጂ። እንዲሁም ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ሁሉ መልካም ነው ብሎ የሚቀበል ሰውና፣ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ብቻ የሚንቅ ሰው፣ ሁለቱም ሳይመረምሩ የፈረዱ ስለ ሆኑ እኩል ናቸው። እኛ ግን መመዘኛውን ከራሳችን አገር እንውሰድና እንመዝን። መመዘኛዬንም ያገኘሁት ከመተማ ነው።

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ የምትገኝ፣ ከሱዳኗ ገላባት ጋራ ፊት ለፊት የምትተያይ የጠረፍ ከተማ ናት። በስሟ ላይ የተጨመረው ስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ በዚያው ስፍራ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ስም ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይበቅልበታል፤ ከጫካው ዕጣንና ሙጫ ይለቀማል። የሰሊጡ አጨዳ በሚደርስበት ወራት እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ከመሬት ይረግፋል። ስለዚህ በዚያ ወራት ባለ እርሻውም፣ ሠራተኛውም፣ ትራክተር ነጂውም፣ ስልክ ጠጋኙም ሁሉም ይጣደፋል።

በአንድ የጥቅምት ቀን ከመንገድ ዳር ካሉት ጠጋኞች በአንዱ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከእርሻ የመጣ አንድ ጐልማሳ ሠራተኛ የሞተች ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። የእናቱ ቁጥር ያለው በዚያች ስልክ ውስጥ ብቻ ነበረ፤ በወረቀት አልጻፈውም፤ በቃሉም አልያዘውም። ጠጋኙ ስልኩን ተቀበለና፣ እጁን ማንም እንዳያይ ጀርባውን ወደ እኛ አዙሮ ከፈታት። ጥቂት ነካክቶም፦ «ቦርዱ ሞቷል፤ ተዋት። ለመለዋወጫ ልግዛህ» አለው። ሠራተኛው ብዙ ለመነው፤ ጠጋኙም አልጨከነበትም፤ በእውነት የሚያውቀው እስከዚያ ድረስ ነበረ። በመጨረሻ ሰውዬው ጥቂት ብር ተቀብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ።

ከሁለት ቀን በኋላ ያችኑ ስልክ ከመንገዱ ማዶ፣ በሌላ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ በርታ አየኋት። ለመለዋወጫ ተብላ ከእጅ ወደ እጅ አልፋ ከእርሱ ዘንድ ደርሳ ኖሯል። «ቦርዷ አልሞተም» አለኝ ባለ ሙያው፤ «የቻርጅ አይሲዋ ብቻ ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት»። ቁጥሮቹም ሁሉ በውስጧ ነበሩ። ግን የማን ናት? ባለቤቱ ስሙን ለማንም አልተናገረም፤ በየትኛው እርሻ እንዳለም የሚያውቅ አልነበረም። «እናቴ» የሚለው ስም ተጽፎ ሳለ፣ ያ ልጅ እናቱን ሳይሰማ በበረሃ ቀረ። እኛም ወደ እናቲቱ ደወልን፤ ስልኩ ግን አልመለሰም።

በሁለቱ ጠጋኞች ቤት መካከል ያለው መንገድ አሥር ርምጃ ቢሆን ነው። አንደኛው ሁለተኛውን «ከእኔ ዘንድ ሦስት ወር ተቀምጦ ሙያዬን ሰርቆ ወጣ» ስለሚል አይነጋገሩም ነበር። እንግዲህ አንባቢዬ፣ መመዘኛዬ ይህ ነው፦ ይህ የቴክኒክ ወዳዶች ስብሰባ የሚባለው ነገር ያንን አሥር ርምጃ ሊያሻግር ይችላልን? ከቻለ መልካም ነው፤ ካልቻለ ግን የቱንም ያህል ስሙ ቢያምር ጨዋታ ነው።

አሁን ወደ ሩቁ አገር እንሂድ። በፈረንጆች አቈጣጠር በማርች 5 ቀን 1975፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ሜንሎ ፓርክ በምትባል ከተማ፣ ጎርደን ፍሬንች የሚባል ሰው የመኪናውን ጋራዥ ከፍቶ እንግዶች ተቀበለ። ከእርሱ ጋራ ሰዎቹን በማስታወቂያ የጠራው ፍሬድ ሙር ነበረ። የመጡት 30 ያህል ሰዎች ናቸው። ያሰባሰባቸውም አልቴር 8800 የሚባል፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው አዲስ ኮምፒዩተር ነው። መሣሪያው እንደ ዛሬዎቹ መስታወትና የፊደል ገበታ አልነበረውም፤ ፊት ለፊቱ ላይ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትንንሽ መብራቶች ብቻ ነበሩበት። ማኅበራቸውንም ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ አሉት፤ ትርጓሜውም እንደ ጠላ በቤት የተጠመቀ ማለት ነው። ይህ ክለብ እስከ 1986 ድረስ ቈየ።

በኋላ ስብሰባውን ይመራ የነበረው ሊ ፌልሰንስታይን የሚባል መሐንዲስ ሲሆን፣ አመራሩም እጅግ ቀላል ነበረ። በመጀመሪያ የፈለገ ሰው ሁሉ ተነሥቶ «እኔ ዘንድ ይህ አለ፤ ይህ ደግሞ ጠፍቶኛል» ብሎ ይናገራል። ሁሉም ከተናገረ በኋላ ጉባኤው ይፈታና ያለው የሌለውን፣ ያወቀው ያላወቀውን ፈልጎ በየጥጉ ይነጋገራል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቁ ድፍረት «አለኝ» ማለት አይደለም፤ «ጠፋኝ» ማለት ነው። እኛ ከተቀመጥንበት ደጃፍ ላይ ያ ጠጋኝ «ቦርዱ ሞቷል» ከማለት ይልቅ «እኔ ዘንድ ጠፍቶኛል፤ ማዶ ያለውን ጠይቀው» ለማለት ቢደፍር ኖሮ፣ ነገሩ ሁሉ ሌላ በሆነ ነበር። ስለዚህ በዚህ በኩል የክለቡን ሥርዓት ሳላመነታ አመሰግናለሁ።

ስቲቭ ዎዝኒያክ የሚባለው ወጣት በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ነበር። በዚያ ያየውና የሰማው ልቡን ስለ አነሣሣው የራሱን ኮምፒዩተር ነደፈ፤ ንድፉንም እያባዛ ለክለቡ ሰዎች በነጻ ያድል ነበር። ኋላ ግን ወዳጁ ስቲቭ ጆብስ «ለምን ሠርተን አንሸጠውም?» አለውና በ1976 አፕል የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር፣ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር ወዳዶች ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። እርሱና ጓደኞቹ ለአልቴር የደከሙበትን ፕሮግራም አብዛኛው ሰው ሳይከፍል እየገለበጠ እንደሚጠቀምበት ገልጦ፣ ነገሩ ስርቆት ነው ሲል ወቀሰ። ብዙዎቹ የክለብ ሰዎች ተቈጡበት።

በዚህ ክርክር ማን ትክክል ነበረ? ብዙ ሰው አንዱን ወገን ብቻ መርጦ ይፈርዳል፤ ለእኔ ግን ሁለቱም የእውነት ቁራሽ ያላቸው ይመስለኛል። ዎዝኒያክ ያደለው የራሱን ንድፍ ነው፤ ስለዚህ ስጦታው ስጦታ ነው። የሌላውን ሰው ድካም ሳያስፈቅዱ ማደል ግን ከሌላ ሰው ጐተራ እየዘገኑ ለድኃ መመጽወት ነው። ቸርነት የሚጀምረው ከራስ ነው። ይህን ልዩነት ያልለየ ማኅበር «መካፈል» እያለ መበዝበዝን ያስተምራል። ያ የመተማው ጠጋኝ «ሙያዬን ሰረቀኝ» ሲል እኮ ቂም ብቻ አይደለም፤ የማይናቅ እውነትም አለበት። ሦስት ወር አስተምሮ፣ ተማሪው ምስጋና እንኳ ሳያቀርብ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ቢከፍትበት ማን ጀርባውን የማያዞር አለ?

ሁለተኛውን ነገር እንይ። በ1983 በፈረንጆች አቈጣጠር ሃሪሰን ኦወን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለማዘጋጀት ብዙ ደከመ። ጉባኤው ሲያልቅ፣ ሰዎቹ ከሁሉ የወደዱት ክፍል ንግግሩ ሳይሆን የቡናው ዕረፍት መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ በ1985 ዕረፍቱን ራሱን ጉባኤ የሚያደርግ አዲስ ሥርዓት ጀመረ። ይህን ሲሰማ የአገሬ ሰው ሳይስቅ አይቀርም፤ ሦስቱን የቡና ስኒ እስኪጠጣ ድረስ የመንደሩን ነገር ሁሉ ለሚፈታው ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለምና። ኦወን ግን ልማዱን ሕግ አደረገው። ሕጎቹም እነዚህ ናቸው፦ የመጡት ሰዎች ትክክለኞቹ ሰዎች ናቸው፤ የሆነው ነገር ሊሆን ይችል የነበረው ብቸኛ ነገር ነው፤ የሚጀመርበት ጊዜ ትክክለኛው ጊዜ ነው፤ ሲያልቅ አልቋል። ከነዚህም ጋራ አንድ «የሁለት እግር ሕግ» አለ፤ ይኸውም ከማትማርበትና ከማታስተምርበት ስፍራ በሁለት እግርህ ተነሥተህ ሂድ የሚል ነው።

በዚህ ላይ በኦገስት 2005 በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በምትባል ከተማ፣ ባርካምፕ የሚባል ስብሰባ ተጀመረ። ነገሩ የተነሣው የተጠሩ ብቻ ይገቡበት በነበረ በአንድ ሌላ ስብሰባ ምክንያት ነው፤ ያልተጠሩት ሰዎች ተመካክረው ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ በሩ ለሁሉ ክፍት የሆነ የራሳቸውን አዘጋጁ። ዋናው ሕጋቸው «ተመልካች የለም፤ ሁሉም ተሳታፊ ነው» የሚል ነው። የመጣ ሁሉ ወይ ያስተምራል፣ ወይ የሠራውን ያሳያል፣ ወይም ወንበር በማንሣትና በመሳሰለው ያግዛል። ከዚህ ተነሥቶ ሥርዓቱ በብዙ አገር ተስፋፋ።

እነዚህን ሕጎች በመመዘኛችን እንመዝናቸው። «ተመልካች የለም» የሚለው ከሁሉ የሚሻለው ነው። አገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ትላለች፤ ይህ ሕግ ያንኑ የሚል ነው። ስለሚጀመርበት ጊዜ የተነገረውን ግን እባካችሁ ለእኛ አታምጡብን። ለሁለት ሰዓት ተቃጥረን በአራት ሰዓት የምንደርስ ሰዎች፣ መዘግየት ትክክል ነው የሚል ሕግ ከባሕር ማዶ አያስፈልገንም፤ እርሱንስ እኛው ባስተማርናቸው!

«የመጡት ትክክለኞቹ ሰዎች ናቸው» የሚለው ቃል ደግሞ ለመጡት ማጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ ላልመጡት ግን ፍርድ ነው። በመተማ ያልመጣው ማን ነው? ሰሊጥ አጫጁ ነው፤ እርሱ ሥራ የሚፈታበትን ሰዓት የሚወስነው ራሱ አይደለም። ጠጋኙ አጠገብ ሻይ የምታፈላው ልጅ ናት፤ እርሷ ሁሉን ስታይ ትውላለች፣ ስለ ምን ጠየቅሽ የሚላት ግን የለም። እነዚህ የቀሩት ነገሩን ስለ ናቁ አይደለም፤ በሩ ለእነርሱ ክፍት መስሎ ስላልታያቸው ነው እንጂ። በሩን መክፈት ብቻ በቂ አይደለም፤ ከውጭ ቆሞ የሚያመነታውን ወጥቶ እጁን መያዝ ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ ጉባኤ ባለ ድፍረቶችና ባለ ጊዜዎች እርስ በርሳቸው የሚደናነቁበት ይሆናል።

«የሁለት እግር ሕግ» በእኛ ዘንድ ከይሉኝታ ጋራ ይጋጫል። አንድ ሽማግሌ እየተናገሩ አንድ ወጣት ተነሥቶ ቢወጣ፣ ሽማግሌውን እንደ ናቀ ይቈጠራል። ይሉኝታ በከንቱ የተገኘ አይደለም፤ ሰውን ከማዋረድ የሚጠብቅ አጥር ነው። ነገር ግን አጥሩ ሲረዝም እስር ቤት ይሆናል። ከማይረባ ንግግር ፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ በትሕትና ተቀምጠው ወጣትነታቸውን የሚጨርሱ ስንቶች ናቸው! ስለዚህ ከዚህ ሕግ የምንወስደው ግማሹን ነው፤ ይኸውም ተናጋሪው አስቀድሞ በአጭር የመናገር ግዴታ ይኑርበት። እግሩን ከማንሣታችን በፊት ምላሱን እናሳጥር።

አንዳንድ አንባቢ «እኛስ ዘንድ የቴክኒክ ሰዎች ስብሰባ መቼ ነበረ?» ይል ይሆናል። ነበረ፤ ከዚያውም ቆላ የወጡ ሰው የሰበሰቡት ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ የቋራ ሰው ናቸው፤ ቋራም ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ውስጥ ነው። እርሳቸው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ለወንጌል ሥራ የመጡትን ባለ እጅ አውሮፓውያን፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር፤ ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ግን ተሳካላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ነው፤ በብዙ ሰው ጕልበት ተራራውን ተሻግሮ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ፤ ፈረንጆቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወጥተው ሄዱ፤ የጋፋት ሥራ ቆመ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም በመቅደላ ይገኛል።

የንጉሡን ምኞት የሚነቅፍ ሰው አይገኝም፤ ከዘመናቸው የቀደመ ምኞት ነው። ስብሰባው ግን በትእዛዝ የተሰበሰበ ነበረ። ሠሪው የሠራው ንጉሡን ፈርቶ ነው፤ ያዛዡም እጅ ሲጠፋ ሥራው አብሮ ጠፋ። ብረቱ ቀረልን፤ ብረቱን የሚያቀልጠው ሰው ግን አልቀረልንም። ወጣቶች ሆይ፣ በትእዛዝ የሚቆም ጉባኤ ያዛዡን ዕድሜ ያህል ብቻ እንደሚኖር ከዚህ ተማሩ።

በፈቃድ የተሠራ ሥራ ደግሞ እንመልከት። በፈረንጆች 1980ዎቹ ዓመታት በባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከነዚህም መካከል ፍስሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ ፊደላችን በኮምፒዩተር እንዲጻፍ በየበኩላቸው ፕሮግራም ሠሩ። ድካማቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም ብዙ ሰው በየራሱ መንገድ ስለ ሠራ፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ፊደሉ አንድ ሳለ ቁጥሩ በየቤቱ ተለያየ። እንደ መተማዎቹ ሁለት ጠጋኞች ነው። በኋላ ግን የነገሩ ወዳዶች፣ እነ ዳንኤል ያዕቆብ፣ ብዙ ተጻጽፈውና ተከራክረው ከዓለም አቀፉ የፊደል ቁጥር ሥርዓት ጋራ አገናኙት፤ የግእዝ ፊደልም በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዛሬ መተማ ያለ ልጅ በስልኩ «እናቴ» ብሎ ጽፎ ዋሽንግተን ያለ ወንድሙ ያለ ችግር የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚያዝዝ ንጉሥ አልነበረም።

በአዲስ አበባም በፈረንጆች 2011 አይስአዲስ የሚባል፣ የቴክኒክ ወጣቶች በአንድነት የሚሠሩበትና የሚገናኙበት ስፍራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በሕንፃ ትምህርት ተቋም ግቢ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከተሉት። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ብርሃን እስከ መተማ አይደርስም። ከዚያ ደርሶ የሚመጣልን አብዛኛውን ጊዜ «ሥልጠና» የሚባለው ነው። እንዲህ ያለ አንድ ሥልጠና ላይ ተገኝቻለሁ፤ ጋባዡን ስም አልጠራም። ጨርቅ ላይ የተጻፈ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ አንድ ሰው ከመድረክ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ሲያነብ ዋለ፤ ሰው ሁሉ ፈረመ፤ አበል ተከፈለ፤ ፎቶ ግራፍ ተነሣን፤ ተበተንን። በአዳራሹ ውስጥ ሞተር ፈትተው የሚገጥሙ፣ ስልክ የሚጠግኑ፣ በፀሐይ ኀይል መብራት የሚዘረጉ ሰዎች ተቀምጠው ሳለ፣ አንዳቸውንም «አንተስ ምን ታውቃለህ?» ያላቸው አልነበረም። ሁላችንም ተመልካች ሆነን ገባን፤ ተመልካች ሆነን ወጣን። አበሉ በሚቀጥለው ጊዜ ሲቀር ደግሞ ተመልካቹም ቀረ።

የዚህ ጥፋት የአበሉ ከፋይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ዕውቀትን ከመድረክ የሚወርድ ነገር አድርገን ስለምናየው፣ ከጎረቤታችን የሚገኘውን እንንቃለን። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቈየ። ያን ጊዜ «የጠፋኝን ሁሉ ዩቲዩብ ያሳየኛል» ይል የነበረ ጠጋኝ ሁሉ ጨለማ ወረሰው። የተረፈው ዕውቀት በሰው ጭንቅላትና በሰው እጅ ያለው ብቻ ነበረ፤ እርሱም በየሱቁ ተቈልፎበት ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ የሚሠራ አንድ ድር ቢኖር ጎረቤት ነው፤ እኛም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንድ ከባድ ጥያቄ ሳልመልስ ወደ ምክር አልሄድም። ጠጋኙ «ዕውቀቴ እንጀራዬ ነው፤ ለሁሉ ብናገረው ምን እበላለሁ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? የሆምብሩ ሰዎች ብዙዎቹ በቀን ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ ዎዝኒያክም ንድፉን ሲያድል በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ደመወዝተኛ ነበረ። ከጠገበ ሰው ቸርነት ይቀላል። የመተማው ሰው ግን ሰሊጡ ከገባ በኋላ ገበያው ይቀዘቅዝበታል፤ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች ጠረጴዛ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ያለህን ሁሉ በነጻ አፍስስ» ማለት የሌላ አገር ስብከት ነው።

ነገር ግን አባቶቻችን ለዚህ ሁለት መንገድ አውቀዋል። አንዱ ደቦ ነው፤ ጠሪው ይደግሳል፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ያግዘዋል። ሁለተኛው ወንፈል ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ ታርሳለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ አርሳለሁ፤ ቀኑም ይቈጠራል። የፈረንጆቹ ክለብ ደቦ ነበረ። እኛ በወንፈል እንጀምር። ቦርድ የሚያውቀው ለጎረቤቱ ቦርድ ያሳይ፤ ጎረቤቱም ለእርሱ የፀሐይ ባትሪ አሠራር ያሳየው። ማንም በከንቱ አልሰጠም፤ ማንም አልተሰረቀም። ያለ ዋጋ የሚተላለፈው ዕውቀቱ ነው እንጂ ድካሙ አይደለም፤ ለደንበኛው የሠራበትን ዋጋ ማንም አይከለክለውም። ከጌታው ዘንድ የተማረም ሰው የት እንደ ተማረ በአደባባይ ይናገር፤ አብዛኛው ቂም የሚመነጨው ከገንዘቡ ሳይሆን ከምስጋናው መጉደል ነውና።

ሥርዓቱም ከሩቅ የሚመጣ አይሁን። ጽዋ ማኅበር ተረኛ አለው፤ ሙሴ አለው፤ የቀረ ሰው የሚጠየቅበት ደንብ አለው። አለቃ የሌለው ማኅበር ማለት ሕግ የሌለው ማኅበር ማለት አይደለም፤ ይህን ከፈረንጆቹ ይልቅ የእኛ ዕቁብና ዕድር በሚገባ ያውቁታል። እንግዲህ በወር አንድ ቀን፣ አጨዳው ካለፈ በኋላ፣ በገንዳ ውኃም ሆነ በመተማ ዮሐንስ በአንዱ ሱቅ ደጃፍ ይሁን። ተረኛው ቡና ያስፈላ። እያንዳንዱ የሚያመጣው የተሳካለትን ሳይሆን ያቃተውን ዕቃ ይሁን፤ በተሳካለት መመካት ይመጣል፣ ባቃተው ግን መማር ይመጣል። በመጀመሪያ የሚናገሩት ታናናሾቹ ይሁኑ፤ አዋቂዎቹ አስቀድመው ከተናገሩ ታናናሾቹ ዝም ይላሉ። ሻይ የምታፈላው ልጅም ስኒ ለማቅረብ ብቻ አትጠራ፤ ዓይኗ ያየውን ትጠየቅ።

በጦርነት ዘመን ሦስት ሰው በአንድነት ሲቆም የሚጠረጥር ስለሚበዛ፣ ስብሰባው በቀን፣ በግልጽ ደጃፍ ይሁን፤ ወሬውም ስለ ሥራው ብቻ ይሁን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ወደ አገራችን ተሰድዶ ገብቷል። በእነርሱም መካከል ባለ ሙያ አይጠፋም። ስደተኛ ነው ብለን እጁን ሳናየው እንዳናሳልፈው፤ ያገራችን ነጋዴ በዓረብኛ ሲገበያይ የኖረ ስለ ሆነ አስተርጓሚ አናጣም።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ትልቅ ነገር ይመጣል ብዬ ተስፋ አልሰጥም። ከመተማ ደጃፍ እንደ አፕል ያለ ኩባንያ ይወጣል የሚል ሰው ቢኖር ያታልላችኋል። የሚመጣው ነገር ትንሽ ነው፦ አንድ ጠጋኝ ደንበኛውን «እኔ አላውቃትም፤ ማዶ ያለው ወንድሜ ግን ያውቃታል፤ ና ላሻግርህ» ይለዋል። ይህን ለማለት ክለብ፣ ጉባኤ፣ ስም አያስፈልግም የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ አያስፈልግም ነበር። ሆኖም ሳይባል ስንት ዓመት አለፈ።

ያች ስልክ እስካሁን በጠጋኙ መሳቢያ ውስጥ ትገኛለች። ባለቤቷ ምናልባት በሚመጣው አጨዳ ይመለሳል በማለት፣ በየሳምንቱ ቻርጅ ያደርጋታል። ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰው ግን ገና አልነገረውም። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ አንተም በሥራህ፣ አንቺም በትምህርትሽ፣ እንዲህ ያለ አሥር ርምጃ በደጃፋችሁ አለ። ማን አስቀድሞ እንዲሻገር ትጠብቃላችሁ?